ሚዛን ላይ ያልበላሁት ጎደሬ

ሦስት ጡረተኞች በአንድ አሮጌ ቶዮታ ተሳፍረን ሚዛን ተፈሪ የገባነው ባለፈው ኅዳር፣ አንድ ረቡዕ ከመሸ በኋላ ነበር። ጅማ አድረን፣ የጎጀብን ወንዝ ተሻግረን፣ ቦንጋ ምሳ በልተን፣ የዉሽዉሽን የሻይ ተክል እያየን ስንጓዝ ውለን ወገባችን ተቆርጧል። ከአዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከቤት ስንነሳ ልጆቻችን «በዚህ ዕድሜያችሁ እዚያ ድረስ ምን ፍለጋ ነው?» ብለውን ነበር። «ለመብላት» አልናቸው። ሳቁብን።

ያልነው ግን እውነት ነው። ከሦስታችን አንዷ አዲስ አበባ ውስጥ ለ28 ዓመት ትንሽ ምግብ ቤት ይዛ ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት። ወጥ ገና ሲሸታት ምን እንደጎደለው ትናገራለች። ሁለተኛው የሒሳብ መምህር የነበረ ባልንጀራዬ ነው። ስኳር ስላለበት የራሱን ምግብ ቆጥሮ ይበላል፤ ሌላው ሲበላ ማየት ግን ይወዳል። መኪናውም የእሱ ነው። ሦስተኛው እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ከምግቡ ሌላ አንድ የቆየ ዕዳ ነበረብኝ።

በ1975 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ መጀመሪያ የተመደብኩት እዚሁ ነበር። ያኔ አገሩ ከፋ ክፍለ ሀገር፣ ጊሚራ አውራጃ ይባላል። ዛሬ ሚዛን ተፈሪ ከጎረቤቷ ከአማን ጋር ተጣምራ ሚዛን አማን ሆናለች። የቤንች ሸኮ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ በ2014 ዓ.ም. ከተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከተሞችም አንዷ ናት። እኔ የማውቃት ሚዛን በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ የቆርቆሮ ቤቶች የተደረደሩባት፣ ማታ በጊዜ የምትተኛ ከተማ ነበረች። አሁን ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ፎቅ አላት፤ ባጃጅ እንደ ንብ ይርመሰመስባታል። ሌሊቱን ቆርቆሮውን ሲደበድበው ያደረው ዝናብ ብቻ ያው የድሮው ነው።

ከአንድ ቀድሞ ተማሪዬ ጋር በስልክ ከተገናኘን ሁለት ዓመት ሆኖናል። «ቲቸር፣ ሳይሞቱ ይምጡ» ይለኝ ነበር በየበዓሉ። ለሐሙስ ማታ እራት ቀጠረን። ስለዚህ በመካከል አንድ ሙሉ ቀን ነበረን። ያን ቀን እንዴት በልተን እንደዋልን ነው የማጫውታችሁ።

ማሽን የማያስፈልገው ቡና

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ በሆቴሉ በረንዳ ተቀምጠን ቡና አዘዝን። አስተናጋጁ ልጅ በትሕትና ጎንበስ ብሎ «ማሽኑ ተበላሽቷል፤ ሻይ ላምጣ?» አለን።

ጓደኛችን ለአፍታ ዝም ብላ አየችው። «ልጄ፣ ቡና ደጃፉ ላይ የሚበቅልበት አገር መጥቼ ማሽን ተበላሸ ተብዬ ሻይ ልጠጣ?» አለችና ነጠላዋን አነሳች። ልጁም ሳቀ። ራሱ ከመንገዱ ማዶ ወደ አንዲት ጀበና የጣደች ሴት አመለከተን።

ከአራት ዱካ በላይ የማትይዝ የላስቲክ ዳስ ናት። ባለቤቷ ቡናውን ፊታችን አጥባ ቆላች። ጢሱን እያሳበችን ስትዞር የሒሳብ መምህሩ ዓይኑን ጨፈነ። አቦሉን ያለ ስኳር፣ ጤና አዳም ነክረን ጠጣን። አዲስ አበባ ውስጥ «የሚዛን ቡና»፣ «የቴፒ ቡና» እየተባለ ሲሸጥ ገዝቼ አውቃለሁ። ከተለቀመ ወራት ያልሞላውን ግን ከዚያ ወዲህ አልቀመስኩም ነበር። ምላስ ላይ አይከብድም፤ ወርዶም ጣዕሙ ቶሎ አይለቅም።

ኅዳር እዚህ የለቀማ ወር ነው። በየደጁ በአልጋና በምንጣፍ ላይ የተሰጣው ቀይ ቡና ቀስ እያለ ይጠቁራል። ደርቆ ከነገለፈቱ ሲቀር ጀንፈል ይባላል። የአረቢካ ቡና መነሻው የእኛው የደቡብ ምዕራብ ደን መሆኑን ትምህርት ቤት አስተምሬዋለሁ። ይሁንና ቡና ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ማንም ሳይተክለው ሲበቅል ልጆቻችሁን አምጥታችሁ ብታሳዩ ከእኔ ትምህርት ይበልጣል። የከፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካ ደን ደግሞ በ2012 በዩኔስኮ የሰውና የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ የገቡት በከንቱ አይደለም።

ባለ ጀበናዋን «ጌሻ የሚባለውን ቡና ታውቂዋለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ጌሻማ ዘመድ አለኝ» አለችኝ። ቦታውን የጠየቅኋት መስሏት ነው። ለእሷ ጌሻ የዘመድ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከዚያ አካባቢ የተለቀመ የቡና ዘር በምሥራቅ አፍሪካ በኩል በ1953 ኮስታ ሪካ ገባ፤ ከዚያም ወደ ፓናማ ተሻገረ። በ2004 በፓናማ የቡና ውድድር አሸንፎ በዓለም ገበያ ያልተለመደ ዋጋ አወጣ። ዛሬ በውጭ አገር «ጌሻ» ሲባል ቡና ጠጪው ሁሉ ጆሮውን ያቆማል። ይህን ስነግራት ባለ ጀበናዋ ስኒዎቹን እየለቀለቀች «እና እነሱም በጤና አዳም ነው የሚጠጡት?» አለች።

በረካውን ጠጥተን ሒሳብ ስንጠይቅ ከስኒው ዋጋ ሌላ አልቀበልም አለች። ጓደኛችን ግን ብሩን ከረከቦቱ ሥር ሸጉጣላት ተነሣን።

ገበያ፤ ሳልገዛ ያለፍኩት

ከዚያ ገበያ ወጣን። የዚህን አገር ገበያ ለማየት ጫማችሁን አስቡበት፤ ጭቃው አይጣል ነው። እዚህ ሙዝ በኪሎ ብቻ አይሸጥም፤ እንዳለ ግንዱን ተሸክመው ያወርዱታል። ቆጮ በኮባ ተጠቅልሎ ይቀርባል። ማር በቅልና በጄሪካን ነው። ኮረሪማ እንደ መቁጠሪያ በገመድ ተሰክቶ በየሻጩ አንገት ይንጠለጠላል። ጓደኛችን ከአንዱ ወደ ሌላው እየሮጠች ታሸታለች፤ ትቆነጥራለች፤ ትቀምሳለች። አንዲት ባልቴት «ልጄ፣ ገዢ ነሽ ወይስ ሐኪም?» አሏት።

ገበያው መሐል ጎደሬ አለ። ቡናማ፣ ጠጉራም፣ ጭቃው ያልጸዳ፣ እንደ ድንጋይ ተከምሯል። የሒሳብ መምህሩ በዓይኑ ቆጥሮ «አንዱ መደብ ስምንት ፍሬ ነው፤ ሁለት ቤተሰብ ያጠግባል» አለ። ጓደኛችን ልትገዛ ስትጎነበስ እኔ ወደ ሙዙ አለፍኩ። ጠራችኝ፤ አልተመለስኩም።

መኪና ውስጥ ስንገባ «ምን ሆነህ ነው? ጎደሬ አስደነገጠህ?» አለችኝ። ነገርኳቸው። ከዚያ በፊት ለባለቤቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም።

በ1975 ዓ.ም. እንደመጣሁ የተከራየሁት አንዲት የቤንች እናት ግቢ ውስጥ ነበር። ባላቸው ሞተዋል። ልጆቻቸውን በጓሮ አትክልትና በቡና ለቀማ ያሳድጋሉ። እማማ ነበር የምላቸው። ክረምቱ ሲከር መኪና ጭቃ ውስጥ እየቀረ ጤፍ ጠፋ፤ ደመወዛችንም ዘገየ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እማማ በኮባ ቅጠል ላይ ጢሱ የሚተን የተቀቀለ ጎደሬ ከዳጣ ጋር ይዘው መጡ። በሁለት እጃቸው ነበር የሰጡኝ።

የሃያ ዓመት ልጅ ነኝ፤ ከጎጃም የመጣሁ፤ ጤፍ ብቻ ምግብ የሚመስለኝ። እንደ እኔ ከሌላ አገር የመጡት ባልደረቦቼም ጎደሬ የሚበላን ሰው ሲያሽሟጥጡ ሰምቻለሁ። ተቀበልኩ፤ አመሰገንኩ። ፊታቸውን ሲያዞሩ ጠብቄ ከአጥሩ ሥር ለዶሮዎቹ ደፋሁት።

በማግሥቱ እማማ ሁለት እንጀራ በሰፌድ ይዘውልኝ መጡ። ከየት እንዳመጡት አላሰብኩም። በላሁት። ስለ ጎደሬው አንዲት ቃል አልተናገሩም። ከዚያም በኋላ ጎደሬ አላመጡልኝም። ሁለት ዓመት ኖሬ ተዛወርኩ።

ነገሩ የገባኝ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ነው። እናቴ ልትጠይቀን ከጎጃም መጥታ ለልጄ የገብስ ገንፎ አገነፋች። ልጄ ሳህኑን ገፍቶ «ይሸታል» አለ። እናቴ ሳቀች። ሳህኑን ስታነሳ ግን እጇን አየሁት። ያን ጊዜ እማማ ትዝ አሉኝ።

መኪናው ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ኋላ የሒሳብ መምህሩ ሞተሩን አስነስቶ «በል፣ ቴፒ ደርሰን እንመለስ። ማታ የሚሆነውን ማታ እናያለን» አለ።

ቴፒ፤ ቅመም ቆሞ የሚታይባት

ቴፒ ከሚዛን ወደ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ በሸካ ዞን ውስጥ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከፍታዋ 1,200 ሜትር ያህል ስለሆነ ከሚዛን ይልቅ ትሞቃለች። በመንገዱ ግራና ቀኝ ቡና፣ ሙዝ፣ ጎደሬ፣ ደግሞ ቡና ነው። ከተማዋ የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከል ያለባት ናት። አንድ ገበሬ ሰላምታ ብንሰጣቸው «ቤት ያፈራውን ሳትቀምሱማ አታልፉም» ብለው ጓሯቸው አስገቡን።

ለ28 ዓመት ኮረሪማ ስትገዛ የኖረችው ጓደኛችን ተክሉን አይታው አታውቅም። ገበሬው ረጃጅሙን ቅጠል ገለጥ አድርገው ከግርጌ አሳዩአት። ፍሬው የሚወጣው ከላይ ከቅጠሉ መካከል ሳይሆን ከታች ከመሬት አጠገብ ነው። የበሰለው ቀይ ነው። ሲሰነጠቅ ጥቁሮቹ ፍሬዎች በነጭና ጣፋጭ ሥጋ ተከብበው ይታያሉ። «ልጆች ይህን ይመጡታል» አሉ ገበሬው። እሷም መጠጠች፤ ለእኛም አቀመሰችን።

ቁንዶ በርበሬው በጥላ ዛፍ ላይ እንደ ሐረግ ተጠምጥሟል። ፍሬው አረንጓዴ ዘለላ ነው፤ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ነው የሚጠቁረው። እርዱ ከመሬት ተቆፍሮ፣ ተቀቅሎ፣ ከዚያ ደርቆ ነው ወደ ወፍጮ የሚሄደው። ቅቤ ማንጠሪያ ላይ የምንጨምረውን ጥምዝ ደግሞ ገበሬው «እሱ ከጫካ የሚመጣ ነው፤ እግዜር ነው የተከለው» አሉን። ጓደኛችን እየዞረች «ይኸው በርበሬዬ! ይኸው ቅቤዬ!» ትላለች። ልጆች አብረዋችሁ ካሉ እንዲህ ያለ ጓሮ ውስጥ አንድ ሰዓት ብታቆዩአቸው አይሰለቻቸውም። ሽሮና ወጥ ውስጥ ያለውን ነገር በስሙ ጠርተው፣ ቅጠሉን በጣታቸው አሽተው ይመለሳሉ።

ምሳችንን ከተማው ውስጥ ቆጮ በክትፎና በጎመን በላን። ከዚያ ማር ፍለጋ ሄድን። በዚህ አገር ነጭ ማር አለ፤ ንቦቹ የጌተም ዛፍ አበባ ቀስመው የሚሠሩት ነው። ማር ሻጩ ሽማግሌ ቀፎውን ከዛፍ ላይ በገመድ እየወጡ እንደሚሰቅሉ አጫወቱን። ሸካ ውስጥ ኮቦ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ። ደን ውስጥ ቀፎ የሚሰቅልበት ድርሻ ያለው ሰው ድርሻው ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ሌላው ሰው በዚያ አይሰቅልም፤ ባለ ድርሻውም ዛፉን ይጠብቃል እንጂ አይቆርጥም። «አባቴ ዛፎቹን አንድ በአንድ እየዞረ አሳየኝ። እኔም ለልጄ አሳየሁት» አሉ ሽማግሌው። «እና ልጅዎ ይወጣል?» ብሎ ጠየቃቸው የሒሳብ መምህሩ። «አሁን አዲስ አበባ ነው። ሊፍት ይወጣል» አሉና ሳቁ። እኛም ሳቅን፤ ሳቃችን ግን ቶሎ በረደ።

ወደዚህ አገር ከቤተሰብ ጋር ለመምጣት ካሰባችሁ ሁለት ቀን ለመንገድ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ለቆይታ ያዙ። አዛውንት ካሉ ጅማ ማደር ይሻላል። ቦንጋ ላይ የቡና ሙዚየም አለ፤ ለልጆች ጥሩ ማረፊያ ነው። ቴፒ ቆላማ ስለሆነ ማታ ያለ አጎበር አትተኙ። ኮረሪማ ስትገዙ ፍሬው ከነቅርፊቱ ይሁን፤ ጠረኑ የሚቆየው እንደዚያ ነው።

እራት

ማታ 1 ሰዓት ላይ የተማሪዬ ቤት ደረስን። ተማሪዬ ስል፣ ጠጉሩ ሸብቷል፤ እሱም የልጆች አባት ነው። አንደኛ ክፍል ያስተማርኩት የእማማ የመጨረሻ ልጅ ነበር። እኔ የተከራየሁባት ጎጆ ፈርሳ ቦታው ላይ የብሎኬት ቤት ሠርቶበታል። ግቢው ግን ያው ግቢ ነው። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ሲል ይዤ አቀፍኩት።

እማማ በ1990ዎቹ ማረፋቸውን በስልክ ነግሮኝ ነበር። ፎቶግራፋቸው ግድግዳው ላይ ነው። ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም።

በመጀመሪያ የመጣልን ጨሞ ነበር። የቡና ቅጠል ተጠብሶ፣ ተወቅጦ፣ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከሚጥሚጣና ከሌላም ቅመም ጋር ፈልቶ የሚጠጣ ትኩስ መጠጥ ነው። ጨው አለበት፤ ያቃጥላል፤ ያላብሳል። የሒሳብ መምህሩ «ስኳር የለበትማ?» ብሎ ጠየቀ። «የለበትም አባባ» ስትለው የቤቱ ልጅ፣ የአሥር ዓመቷ፣ ሦስት ቅል ጠጣ። ጓደኛችን ጓዳ ገብታ የቅመሙን ልክ ከባለቤትየዋ ጋር ስትከራከር ይሰማናል።

ከዚያ ማዕዱ ቀረበ። ዶሮ ወጥ በእንጀራ፣ ከነአይቡ። ደግሞም ዱለት። ለክብራችን የቻሉትን ሁሉ አድርገዋል። እኔ ግን የፈራሁት ይህንኑ ነበር። እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩና ለባለቤቱ «እህቴ፣ ጎደሬ አለ?» አልኳት።

ደነገጠች። ባሏን አየችው። «አለ፤ ግን ለራሳችን የቀቀልነው ነው። ለእንግዳ እንዴት ጎደሬ ይቀርባል?» አለች። ልጅቷ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። የእናቲቱን ሐፍረት ሳይ ልቤ ተሰበረ። ያን ሐፍረት የሰጠናቸው እንደ እኔ ያለን ሰዎች ነን።

«እሱን አምጪልኝ» አልኳት።

መጣ። በትሪ ላይ፣ ተልጦ፣ ነጭና ግራጫ ሆኖ፣ ጢሱ እየተነነ፤ አጠገቡ አረንጓዴ ዳጣ። ጎደሬ ጥሬውን ጉሮሮ ያሳክካል። በደንብ ካልተቀቀለም ያው ነው፤ ሙያው መቀቀሉ ላይ ነው። ይህኛው ልስልስ ብሎ በስሏል። ቆርሼ በዳጣ አጥቅሼ ጎረስኩ። የድንች ዘመድ ነው ማለት ይቻላል፤ ግን ይከብዳል፤ ጥቂት እንደ ለውዝ ይላል፤ መጨረሻው ላይ ቀለል ያለ ጣፋጭነት አለው። ሁለተኛ ቆረስኩ።

ቀና ስል ተማሪዬ እያየኝ ነው። መብላቱን አቁሟል።

«ቲቸር፣ ያኔ አይቼዎት ነበር» አለኝ። «ከአጥሩ ሥር ሲደፉት። እዚያ ከእንሰቱ ጀርባ ነበርኩ።»

የጎረስኩት አልወርድ አለኝ።

«ለእናቴ ሮጬ ነገርኳት። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር።»

«ምን አሉ?»

«‹ልጁ እናቱ ናፍቃው ነው› አለች። ‹የእናቱን እጅ ነው የፈለገው፤ ዝም በል፤ ለማንም እንዳትናገር› አለችኝ። ከዚያ ለጨው ያስቀመጠችውን ገንዘብ ሰጥታኝ እንጀራ ጋጋሪዋ ዘንድ ላከችኝ። ሁለት እንጀራ ገዛሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።»

ይቅርታ ልለው ፈለግሁ። ግን ይቅርታ የምጠይቃቸው ግድግዳው ላይ ናቸው። «እኔ እኮ አላወቅሁም» ብቻ አልኩ። «እሷም የፈለገችው እንዳያውቁ ነበር» አለኝ። ጓደኛችን ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። የሒሳብ መምህሩ ኮስተር ብሎ ቅሉን ያሽከረክራል።

ትንሽ ቆይቶ ተማሪዬ ፈገግ አለ። «ግን ቲቸር፣ አሁን የሚበሉት ያው የእሷ ነው» አለኝ። አልገባኝም። «የጎደሬ ዘር በየዓመቱ አይገዛም። ስንቆፍር ቡቃያውን እየለየን መልሰን እንተክላለን። የጓሮው መደብ እሷ የተከለችው ነው። እኔ ብቻ አይደለሁም የማውቅዎት፤ ጎደሬውም ያውቅዎታል» አለና ሳቀ። ያኔ ሁላችንም ከልባችን ሳቅን።

ሦስተኛውን ቆረስኩ። ልጅቷ ከዶሮ ወጡ ላይ እጇን አንስታ ስታየኝ ቆየችና ወደ ጎደሬው ትሪ ሰደደች። እናቷ ምንም ሳትናገር ዳጣውን አስጠጋችላት።

ስንመለስ የመኪናው ኮፈን ሙሉ ነበር። ኮረሪማ፣ እርድ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ነጭ ማር፣ ጀንፈል፤ ከሁሉም ሥር አንድ ከረጢት ጎደሬ። ቤት ገብቼ በራሴ እጅ ቀቀልኩት። ምናልባት ጥቂት አሳንሼዋለሁ፤ የቤቱን ሰው ሁሉ ጉሮሮውን አሳከከው። ደግሜ ቀቀልኩት።

የስድስት ዓመቱ የልጅ ልጄ ገና ሲያየው ፊቱን አጨማደደ። አባቱ፣ ያ በልጅነቱ ገንፎውን የገፋው ልጄ፣ ሊቆጣው አፉን ሲከፍት በዓይኔ ከለከልኩት። «አንድ ጊዜ ቅመሰው፤ ካልጣመህ እምቢ በል፤ ግን ሳህኑን አትግፋ። ለሰጠህ ሰው በእጅህ መልስለት» አልኩት።

ቀመሰ። ብዙም አልወደደውም። ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ መለሰልኝና «እግዜር ይስጥልኝ አባባ» አለኝ።